ጥቆማ፦ ነሐሴን ከልጆችና ከእንግዶች ጋር፣ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ የት ይኬድ? ምን ይገዛ?

ጠያቂ፦
ነሐሴ ላይ ከአዲስ አበባ ሁለት ቤተሰብ ይመጣል። ልጆቹ 4፣ 6፣ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው። ማረፊያው ደብረ ብርሃን፣ ቤት ውስጥ ነው። አንኮበር፣ ጓሳ፣ ደብረ ሲና ወይስ ሸዋ ሮቢት? በመናኸሪያ መኪና ይሻላል በኮንትራት? ለብርዱ ምን ይገዛ? ፍልሰታ ስለሆነ የልጆቹ ስንቅስ? የምታውቁ በዝርዝር ጠቁሙን።

የመንገድ ሰው፦
ከቦታው በፊት ሰዓቱን ምረጡ። በእኛ ደጋ ነሐሴ ላይ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። ዳመናው ረፋዱ ላይ ይሰበሰብና ከ7 እና ከ8 ሰዓት ጀምሮ ይወርዳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መነሳት፣ 7 ሰዓት ላይ ፊትን ወደ ቤት ማዞር ነው። ቤት ቁርስ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ 4 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው አንኮበር ሲደርስ የሚያየው ጉም ነው። ቁርሱን መኪና ውስጥ ወይም እዚያው ደርሳችሁ ብሉ።

ከአራቱ ቦታዎች ለእነዚህ ልጆች መጀመሪያ አንኮበርን እመርጣለሁ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በግማሽ ቀን ደርሶ መልስ ይበቃል። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ለመውጣት ዳገቱ ለ6 ዓመት ልጅ የሚቻል ነው፣ የ4 ዓመቱን ግን የሚያዝል ሰው ይኑር። በክረምት ድንጋዩ ሙሽልጭ ስለሚል አደጋው ሲወርዱ ነው፤ ትልቅ ሰው ከፊት ይቅደም፣ ልጆቹ ከኋላው ይከተሉ። ኮረብታው ላይ ያለው አንኮበር ፓላስ ሎጅ ዝናብ ቢቀድማችሁ ጥሩ መጠለያ ነው። ምሳ እዚያ ከፈለጋችሁ ግን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጾም መሆኑን ንገሯቸው፤ ሳይነገራቸው ቢሄዱ ምግቡ እስኪደርስ ዝናቡ ይቀድማል።

ደብረ ሲና ሁለተኛ ነው። እዚህ ጉዞው ራሱ ለልጅ ጨዋታ ነው። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የሠራው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ አለ። በደብረ ብርሃን በኩል ሲገቡ ሜዳ ነው፣ በዚያኛው ሲወጡ ምድሩ ከእግር ሥር ይጠፋል። ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ያለው ጥምዝምዝ ቁልቁለት ልጆችን ያስመልሳል። የሚያስመልሰው ወተትና ዘይት የበዛበት ቁርስ፣ ከኋላ ወንበር መቀመጥና ስልክ ላይ ማፍጠጥ ነው። ከመነሳት አንድ ሰዓት በፊት ደረቅ ዳቦ ይብሉ፣ ከፊት ይቀመጡ፣ መስኮት ይከፈት፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ይሁን። ጆሯቸው ሲደፈን ለትልልቆቹ ቆሎ ማላመጥ ይከፍተዋል፣ ለ4 ዓመቱ ግን ቆሎ አትስጡ። ላስቲክ ከረጢት በእጅ ይያዝ፣ ከሻንጣ ውስጥ ሲፈለግ አይደርስም።

ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ሹራብ አውልቆ መሮጥ ለናፈቃቸው ልጆች ጥሩ። ነገር ግን ወባ አለ። ለቀን ብቻ ሂዱና ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። ማደር ካስፈለገ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ቀዳዳ እንደሌለውም በእጃችሁ ዳስሱ። ከተመለሱ ከ7ኛው ቀን በኋላ፣ ከወራትም በኋላ ቢሆን፣ ልጅ ቢያተኩሰው «ብርድ መትቶት ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ «ቆላ ወርዶ ነበር» በሏቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ሐኪም ይህን ካልነገራችሁት ወባን ላይጠረጥር ይችላል።

የኮንትራትና የመናኸሪያ ጉዳይ፦ ሁለት ቤተሰብ ከሆናችሁ ኮንትራት ሚኒባስ ይሻላል። የመናኸሪያው መኪና በነፍስ ወከፍ ቢረክስም እስኪሞላ ይጠብቃል፣ መልሱን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ላይ ቆማችሁ ነው የምትፈልጉት። ዋጋ ስትነጋገሩ ሦስት ነገር በግልጽ ይባል፦ ደርሶ መልስ መሆኑ፣ ማቆያው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ነዳጅ በማን እንደሆነ። ከሦስቱ አንዱ ካልተነሳ ጭቅጭቁ መመለሻ ላይ ይመጣል። መኪናውን ከመቀበላችሁ በፊት የዝናብ መጥረጊያውን አሠርታችሁ እዩ፣ የፊትና የኋላ መብራት አብሩ፣ የጎማውን ጥርስ በጣት ንኩ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የኋላ መብራት የሌለው መኪና አይታይም። ሌላው አደራ፦ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ቀን ጠዋት ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠይቁ፣ በትናንት ወሬ አትነሱ።

የመንዝ ልጅ፦
ስለ ጓሳ እኔ ልበል። ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፎ፣ መሐል ሜዳ ሳይደርሱ ነው። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ቦታውን የጠበቁት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፣ ሲከፈት ሁሉም በየድርሻው ያጭድ ነበር። በዚያ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ እረኛው የሚለብሰው ገሳም ከዚያው ነው። ለ9 እና ለ12 ዓመት ልጆች ይህን እየነገሩ ማሳየት ትልቅ ነገር ነው።

ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው መድረስ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። የሚበሉት ሣር ነውና ብስኩትና ሙዝ አትስጧቸው፤ አንዴ የለመደ መንጋ ከልጅ እጅ ይነጥቃል። ተቀምጣችሁ ጠብቁ፣ ልጆቹ አይሩጡ፣ ራሳቸው እየጋጡ ይቀርቧችኋል። ቀይ ቀበሮ ግን የዕድል ነው፤ ማለዳ አይጥ ስታድን ትታያለች። ውሻ ይዞ መሄድ ፈጽሞ ክልክል እንደሆነ ቁጠሩት፣ የውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ይጨርሳቸዋል።

የማኅበረሰቡ ሎጅ አለ፣ ከአካባቢው አስጎብኚም ይሰጣችኋል። ማደሪያው ቀላል ነው፤ ምግብ ይዛችሁ ሄዳችሁ ራሳችሁ የምታበስሉበት ነውና ሽሮ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ክብሪት፣ ሻማ ሳይቀር ከደብረ ብርሃን ሸምቱ።

ጠያቂ፦
የ4 ዓመቱን ይዞ ጓሳ ማደር ይቻላል?

የመንዝ ልጅ፦
በነሐሴ አልመክርም። ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ከፍታው ራሱን ሊያመው፣ ሊያስመልሰው፣ እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል፤ የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ምን እንዳመመው አይናገርም። ትልልቆቹንም ቢሆን ቢያንስ ሁለት ሌሊት ደብረ ብርሃን አሳድሯቸውና ከዚያ ውጡ። ራስ ምታቱ ካልለቀቀ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ትንሹን ከአንድ ወላጅ ጋር ቤት ተዉት፣ ወይም ጓሳን ለጥቅምት አቆዩት፤ ያኔ ሰማዩም ይጠራል። ወፍ ዋሻ ደንም እንደዚያው ነው፤ ጥዱንና ዝግባውን ለማየት ጭቃው ይድረቅ።

ባለ ሱቋ፦
ለብርዱ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ የፋብሪካ ብርድ ልብስና የመንዝ ባና። የደብረ ብርሃኑ ፋብሪካ ብርድ ልብስ ቀለል ይላል፣ ይታጠባል፣ ለልጅ አይከብድም። ባና ከመንዝ በግ ጸጉር በእጅ ተፈትሎ የሚሠራ ስለሆነ ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። ለእንግዳ ልጆች መሬት ላይ ፍራሽ የምታነጥፉ ከሆነ ባናውን ከፍራሹ በታች፣ ብርድ ልብሱን ከላይ አድርጉ። ሲሚንቶ ወለል ላይ ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነውና ከላይ ሦስት ብትደርቡም ከሥር ካልተነጠፈ ልጁ ይንቀጠቀጣል።

ገበያ ላይ «ንጹሕ ሱፍ» እየተባለ ናይሎን የተቀላቀለበት ይሸጣል። መለያው እንዲህ ነው፦ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከጫፉ ጣት የሚያህል ክር ምዘዙ፣ ራቅ ብላችሁ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ ቀስ ብሎ ይነድና እሳቱ ሲነሳ ራሱ ይጠፋል፣ ሽታው የተቃጠለ ጸጉር ነው፣ አመዱን በጣት ስትጨፈልቁት ይደቃል። ናይሎን ግን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ እንደ ዶቃ ጠጥሮ ይቀራል። የቀለጠው እጅ ያቃጥላልና እስኪበርድ አትንኩ። ባናን በሙቅ ውሃ አትጠቡት፣ ይኮማተራል። ፀሐይ ባገኛችሁ ቀን አስጡትና በዱላ አራግፉት፤ ቁንጫም አቧራም በዚያው ይለቃል።

ጫማ ላይ ቦቲና ኮንጎን ስታወዳድሩ፦ ኮንጎ ይረክሳል፣ ውሃ ቢገባውም ይወጣል፣ ነገር ግን እግር ያቀዘቅዛል፣ ረጅም መንገድ ላይም ተረከዝ ይልጣል። ለሰፈር ጨዋታ ይበቃል። ለአንኮበርና ለጓሳ ቦቲ ግዙ፣ ከልጁ ቁጥር በአንድ የሚበልጥ፣ ከወፍራም ካልሲ ጋር። ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ጃንጥላ ገደል አፍ ላይ ንፋስ ይገለብጠዋል፣ ልጁንም ሊጎትተው ይችላል፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ነው የሚያዋጣው።

አንድ ነገር በጣም አደራ። እርጥብ ልብስ ለማድረቅም ሆነ ክፍል ለማሞቅ ከሰል ልጆች በሚተኙበት ክፍል አታስገቡ። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፣ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። ቡናውም ሲፈላ መስኮት ይከፈት፣ ሲያልቅ ማንደጃው ውጭ ይደር።

የጠባሴዋ ባለሙያ፦
ስንቁን ለእኔ ተዉት። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ለሚጾሙት ልጆች የሚያዋጣው ገብስ ነው። ከብስኩት ጋር ስታነጻጽሩት ሆድ ይይዛል፣ መንገድ ላይ አይፈረፈርም፣ ዋጋውም ያንሳል።

ለቆሎ ሰነፍ ገብስ ወይም ሰመሬታ ጠይቁ፤ ገለባቸው ስለሚለቅ ብዙ ፍትጊያ አይፈልጉም። ለ8 ሰው የቀን ጉዞ አንድ ኪሎ ገብስ፣ ሩብ ኪሎ ሽምብራ፣ ሩብ ኪሎ ኦቾሎኒ ይበቃል። ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን አጠንፍፉ። ሦስቱን ለየብቻ ቁሉ። አንድ ላይ ከገቡ ኦቾሎኒው ያራል፣ ሽምብራው ጥሬ ይቀራል። ገብሱን በአንዴ ከሁለት እፍኝ በላይ ምጣድ ላይ አታፍስሱ፣ ሲበዛ ይታፈንና ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል። ጨው ከፈለጋችሁ ከምጣዱ ሊወጣ ሲል በውሃ በጥብጣችሁ እፍ አድርጉበት። ሳይቀዘቅዝ ላስቲክ ውስጥ አትክተቱ፣ ያልበውና ይለሰልሳል። ለ4 ዓመቱ ልጅ ግን ቆሎም ኦቾሎኒም አትስጡ፤ መኪና ሲነጥር ትንታ ይዞ አየር ቧንቧ ይገባል። ለእሱ በሶ።

በሶ ስትገዙ አሽትቱ። የደረቀ ቆሎ ሽታ ካለው ጥሩ ነው፣ የሻገተ ወይም የመረረ ዘይት ከሸተተ ተዉት። ቀለሙ በጣም ከነጣ ገብሱ ሳይበስል ተፈጭቷልና ሆድ ይነፋል። ለመጠጥ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶና አንድ ማንኪያ ማር። ሃይላንድ ውስጥ መጀመሪያ ውሃውን አድርጉ፣ ከዚያ በሶውን፣ ከዚያ ናጡ። በሶው ከቀደመ ሥሩ ላይ ይጋገርና አይለቅም። ለእጅ ለሚያዝ ደግሞ ሁለት ብርጭቆ በሶ በግማሽ ብርጭቆ ውሃና በትንሽ ዘይት ለውሳችሁ ጨብጡት። ፍልሰታ ሲፈታ በውሃው ፈንታ ቅቤ ይግባና ጭኮ ይሆናል።

ውሃ፦ በክረምት ጎርፍ ስለሚቀላቀል ለልጆች አፍሉ። በእኛ ከፍታ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን ከቆላው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ሽምብራና ባቄላ እዚህ ከአዲስ አበባ ይበልጥ የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነውና እንግዶቹ ቢገርማቸው ንገሯቸው።

የመንገድ ሰው፦
ስለ ከሰዓቱ አንድ ጭማሪ። መብረቅ ሲታይ ቁጠሩ፤ ድምፁ ከ30 ሰከንድ በታች ከመጣ ቅርብ ነው። ከሜዳውና ከኮረብታው ጫፍ ወርዳችሁ መኪና ወይም ቤት ግቡ። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ከዝናቡ ይልቅ ያስፈራል።

አስተማሪ፦
ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጣቸው ፕሌይስቴሽን ቤት መላክ ቀላሉ ነው፣ ግን በጨዋታ ስለሚከፈል አራት ልጅ ሲሆን ገንዘቡ ይሄዳል፣ ትንሹም ተራ አይደርሰውም። ጆተኒ ይሻላል፣ አራቱም በአንዴ ይጫወታሉ። ከሁለቱም በላይ ግን ገበጣ ሥሩላቸው። የ30 እንቁላል ካርቶን 5 በ6 ነው፤ ሁለት ረድፍ ቆርጣችሁ ስታወጡ 12 ጉድጓድ ይሆናል። በየጉድጓዱ 4 ሽምብራ፣ በድምሩ 48። ለሁለት ተጫዋች አንድ ካርቶን ይበቃል፣ ከቀረው ደግሞ ሌላ ይወጣል። እርጥበት ስለሚያለሰልሰው ሥሩን በወፍራም ካርቶን ለጥፉት።

ቀናቱን ስትደለድሉ ነሐሴ 12 እና 13ን ለዚሁ አካባቢ ያዙ። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አጠገብ፣ ጫጫ አካባቢ፣ አንጎለላ ነው። ጠዋት ልጆቹን እዚያ ወስዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። ማግስቱ ቡሄ ነው። ለጅራፉ ቃጫ ቀድማችሁ ግዙ፣ በዋዜማው ዋጋው ይጨምራል። ጅራፍ የሚያጮኸው ልጅ ዙሪያውን 3 ሜትር ባዶ ያድርግ፣ ተመልካቾቹ ከኋላው ሳይሆን ከፊቱ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ዓይን የሚመታው ጅራፉ ወደ ኋላ ሲወረወር ነው። ሆያ ሆዬ ሲወጡ የ4 ዓመቱን የ12 ዓመቱ እጁን ይያዝ፣ ሙልሙሉንም ትልቁ ይሸከም።