ቴርሞስታቴን ያለ ክላውድ ከሆም አሲስታንት ጋር ላገናኘው ፈልጌ፣ በየት በኩል ልጀምር?

ማሂ_ሰርቨር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ሆም አሲስታንት (የቤት እቃዎችን ከአንድ ቦታ የሚያዝ ፕሮግራም) በአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ እየሰራልኝ ነው፣ መብራቶቹም የበር ሴንሰሮቹም በሙሉ ዚግቢ በሚባለው የቤት እቃ ሬዲዮ የሚነጋገሩ ስለሆኑ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ጉዳያቸው አይደለም። ያስቸገረኝ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ቴርሞስታት ብቻ ነው። የዋይፋይ ነው፣ የምሰጠው ትእዛዝ ከቤት ወጥቶ የካምፓኒው ሰርቨር (ክላውዱ) ጋ ደርሶ ነው ተመልሶ ግድግዳው ላይ ወዳለው እቃ የሚመጣው፣ እና ኢንተርኔት ሲቆረጥ ወይ ሰርቨራቸው ችግር ሲገጥመው ዳሽቦርዱ ላይ አንአቬይለብል (አይገኝም) ብሎ ይቀራል፣ አፑም ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው፣ የሌሊት ብርድ አይስማማትም፣ እሷ ደሞ ስልክ ከፍታ አፕ ምናምን የምትል ሰው አይደለችም። ስለዚ የምፈልገው እሷ ክፍል ያለው የሙቀት ሴንሰር ባነበበው ልክ ማሞቂያው በራሱ እንዲሄድ ነው።

ይሄንኑ ቴርሞስታት ሳልቀይር በሎካል፣ ማለትም ከቤት ሳይወጣ፣ ማገናኘት ይቻላል? ሳጥኑ ላይ የሆምኪት (የአፕል የቤት እቃ ማገናኛ) ምልክት አለው ግን እኔ አይፎን የለኝም። መቀየር ግድ ከሆነ ደሞ ዚግቢ ነው ዚ-ዌቭ የሚባለው ሌላው ሬዲዮ ነው ወይስ ማተር፣ የተለያዩ ካምፓኒ እቃዎች የሚግባቡበት ደረጃ፣ የሚሻለው? ክዳኑን ከፍቼ ሳየው አር፣ ደብልዩ፣ ዋይ እና ጂ የሚሉት ላይ ሽቦ ገብቷል፣ ሲ የሚለው ባዶ ነው፣ እሱ ችግር አለው? ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሆም አሲስታንት ራሱ ሌሊት ላይ ቢቆምብኝ ማሞቂያው ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ሎካል_ብቻ፦

ማሂ የሆምኪት ምልክት ካለው እቃ መግዛት አያስፈልግሽም፣ አይፎንም አያስፈልግሽም። ሆምኪት ሲባል ሰው ሁሉ የአፕል ስልክ ነው የሚታየው እንጂ ፕሮቶኮሉ እኮ እቃውና ተቆጣጣሪው እዛው የቤት ኔትዎርክ ውስጥ በቀጥታ የሚነጋገሩበት ነው፣ ሆም አሲስታንት ደሞ ሆምኪት ዲቫይስ የሚባል ኢንቲግሬሽን (ማገናኛ) አለውና ራሱ በስልኩ ቦታ ይገባል። ሆምኪት ብሪጅ ከሚለው ጋር እንዳይምታታብሽ፣ ብሪጁ የሚሰራው ተቃራኒውን ነው፣ ያንቺን እቃዎች ወደ አፕል ስልክ ነው የሚወስደው። የሚያስፈልግሽ 8 አሃዝ ያለው ኮድ ነው፣ ወይ እቃው ጀርባ ተለጥፏል ወይ ስክሪኑ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ቴርሞስታቱ ከዚ በፊት የሌላ ሰው ስልክ ጋር ተጣምሮ ከነበረ መጀመሪያ እሱ መፍታት አለበት፣ አለበለዚያ ኮዱ ልክ ቢሆንም እምቢ ይልሻል።

ይሄን መንገድ አጥብቄ የምመክርሽ ዝም ብዬ አይደለም። ቴርሞስታት ሰሪው ኢኮቢ በ2024 ለአዲስ ተጠቃሚ የኤፒአይ ቁልፍ (ሌላ ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኝበትን ፈቃድ) መስጠት አቆመ፣ በክላውድ በኩል ሊገናኝ የፈለገ አዲስ ሰው በሩ ተዘጋበት፣ በሆምኪት የገባው ግን ምንም አልነካውም። ጉግልም በኦክቶበር 2025 የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ትውልድ ኔስት ቴርሞስታቶቹን ከአፑና ከክላውዱ አወጣቸው፣ እቃዎቹ ግድግዳው ላይ በእጅ መስራታቸውን አላቆሙም፣ ከሩቅ ማዘዝ ግን ቀረ። ክላውድ ማለት የሌላ ሰው ውሳኔ ነው፣ ለመብራት ይቻላል፣ እናት የምትተኛበት ቤት ሙቀት ላይ ግን እኔ አልቀበለውም።

ቴክኒሻኑ፦

እህቴ ሲ ባዶ ነው ያልሽውን እንደ ቀላል ነገር አትለፊው። ቴርሞስታቱ የሚሰራው ማሞቂያው ውስጥ ካለች ትራንስፎርመር በሚመጣ 24 ቮልት ኤሲ ነው፣ አር ያመጣዋል ሲ ይመልሰዋል። ሲ በሌለበት እቃው ምን ያደርጋል፣ በደብልዩ ወይ በዋይ ሽቦ በኩል ማሞቂያውን ወይ ማቀዝቀዣውን ሳያስነሳ ትንሽ ትንሽ ከረንት እየሰረቀ የውስጥ ባትሪውን ይሞላል፣ ዋይፋይ ደሞ ከረንት ይበላል፣ ባትሪው ሲወርድ ብዙዎቹ ቶሎ የሚያጠፉት ዋይፋዩን ነው። ስለዚ ያ አንአቬይለብል የምትዪው ሁሌ የሰርቨር ጥፋት ላይሆን ይችላል፣ ሆምኪት ላይ ካዛወርሽውም በኋላ ይቀጥላል። መጀመሪያ ከረንቱን አስተካክዪ ከዛ ሶፍትዌሩ ጋ ሂጂ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። የማሞቂያውን ብሬከር አጥፊ፣ የሽቦዎቹን አያያዝ ፎቶ አንሺ፣ ከዛ ቴርሞስታቱን ከመሰረቱ ነቅለሽ ገመዱ ከግድግዳ የሚወጣበትን ቀዳዳ በባትሪ መብራት እዪው። ብዙ ጊዜ ሲዘረጋ የተረፈ ሽቦ ወደ ኋላ ታጥፎ በገመዱ ሽፋን ላይ ተጠምጥሞ ይገኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው ግን ቀለም አትመኚ፣ ሰራተኛው በእጁ ያገኘውን ነው የሚያስገባው። ካለ በማሞቂያው በኩል ቦርዱ ላይ ሲ የሚለው ቪቴ ስር አስሪው፣ በዚ በኩል ደሞ ሲ ውስጥ። ጫፉን አብዝተሽ አትላጪ፣ አር እና ሲ ከተነካኩ ቦርዱ ላይ ያለችው ፊውዝ ትቃጠላለች። መልሰሽ ስታበሪው በቴስተር በአር እና በሲ መሀል ለኪ፣ 24 ወይ ከዛ ትንሽ ከፍ ያለ ማንበብ አለበት። የተረፈ ሽቦ ካጣሽ የብዙ ቴርሞስታቶች አምራች ለዚሁ ብሎ የሚሸጣት ትንሽ ማስፋፊያ አለች፣ ወይ ለብቻው የሚሰካ 24 ቮልት ትራንስፎርመር።

ይሄን ለሚያነብ ሌላ ሰው ደሞ፣ ክዳኑን ስትከፍቱ ፊደል ሳይኖር ሁለት ወይ አራት ወፍራም ሽቦ ብቻ ካገኛችሁ እሱ 24 ቮልት አይደለም፣ ቀጥታ የቤቱ መስመር ከረንት ነው፣ እዚ የምናወራው ቴርሞስታት እዛ ላይ አይገባም፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ሪሌይ_ቤት፦

እኔ ግን ለምን ይሄ ሁሉ ድካም እላለሁ። ቴርሞስታቱን አውጥተሽ አንድ የዚግቢ ሪሌይ (በትእዛዝ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ) በአር እና በደብልዩ መሀል አስገቢ፣ የእናትሽ ክፍል ሴንሰር አለሽ አይደል፣ ሆም አሲስታንት ላይ ጄነሪክ ቴርሞስታት የሚለውን ከፍተሽ ሁለቱን አገናኚያቸው፣ በቃ። ሙሉ በሙሉ ሎካል ነው፣ ርካሽ ነው፣ የማንም ፌርምዌር (እቃው ውስጥ ያለ ሶፍትዌር) አያዝሽም።

ቴክኒሻኑ፦

ወንድሜ ሪሌይ_ቤት ሎካል መሆኑ ላይ ልክ ነህ፣ ግን ልጅቷ መጨረሻ ላይ የጠየቀችውን እንደገና አንብብልኝ። ጄነሪክ ቴርሞስታት አእምሮው ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ሪሌይው በርቶ እያለ ኮምፒውተሩ ቢደርቅ የሚያጠፋው የለም፣ ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል፣ ጠፍቶ እያለ ቢደርቅ ደሞ እናትየው በብርድ ታድራለች። የሴንሰሩ ባትሪ ቢያልቅም ያው ነው፣ የመጨረሻዋ ንባብ እዛው ተገትራ ሲስተሙ በሷ ሊሄድ ይችላል። ዋይ ላይ ደሞ ኮምፕረሰር ካለ ጠፍቶ ወዲያው ሲነሳ ነው የሚጎዳው፣ አምስት ደቂቃ ያህል ማረፍ አለበት፣ ይሄን ጥበቃ የግድግዳው ቴርሞስታት ውስጡ ይዞት ነው የሚመጣው።

ማሂ ያንቺ ቴርሞስታት በሎካል ከተገናኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የማብራትና የማጥፋቱን ስራ የሚሰራው እሱ ራሱ ነው፣ ሆም አሲስታንት የሚነግረው ስንት ዲግሪ ላይ እንዲይዝ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ቢሞት መጨረሻ የተነገረውን ዲግሪ ይዞ ይቀጥላል፣ እናትሽም ግድግዳው ጋ ሄዳ በእጇ ትቀይረዋለች። ስለዚ አውቶሜሽንሽ (በራሱ የሚሄደው ትእዛዝሽ) ውስጥ ኦፍ የሚል ትእዛዝ አታስገቢ። ማሳረፍ ስትፈልጊ ዲግሪውን ዝቅ አርጊ እንጂ አታጥፊው፣ ኦፍ ላይ እያለ ሲስተሙ ቢወድቅ የሚያስነሳው የለም። ሪሌይ የግድ ነው የሚል ሰው ካለ ኢኤስፒሆም በሚባለው የትናንሽ ቺፖች ሶፍትዌር ላይ ቴርሞስታት የሚለው ክፍል አለ፣ ሎጂኩም የማረፊያ ደቂቃውም ቺፑ ላይ ነው የሚሰራው፣ ሴንሰሩን በሽቦ እዛው ላይ ካሰርከው ሰርቨሩም ዋይፋዩም ቢሄድ ስራውን ይቀጥላል፣ እሱን አልቃወምም።

ማሂ_ሰርቨር፦

በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ ቴክኒሻኑ ኦፍ ስለሚለው ያልከው ጭራሽ አስቤው የማላውቀው ነገር ነው። ሽቦውን ልክ እንዳልከው አገኘሁት፣ ሰማያዊ ነው፣ ገመዱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፣ ማሞቂያው ጋ ያለው ጫፉም ምንም ሳይያዝ ተንጠልጥሎ ነበር፣ አሁን ሁለቱም ሲ ውስጥ ገብተዋል፣ ቴስተሩ 26 አካባቢ ያነባል። የሆምኪት ኮዱንም ስክሪኑ ላይ አገኘሁ። የቀረው ሆም አሲስታንት እቃውን ጭራሽ አያየውም። የዋይፋይ እቃዎችን ለብቻ በሌላ ኔትዎርክ ነው ያስቀመጥኩት፣ ከሱ ጋር ይያያዝ ይሆን?

ሎካል_ብቻ፦

አዎ እሱ ነው። እቃው አለሁ የሚለው በኤምዲኤንኤስ ነው፣ ወደ 224.0.0.251 በፖርት 5353 የሚላክ መልእክት ነው፣ እና በባህሪው ከአንድ ኔትዎርክ ወደ ሌላው አይሻገርም። ራውተርሽ ይሄን መልእክት የሚያሻግር ኤምዲኤንኤስ ሪፍሌክተር የሚል ነገር ካለው እሱን አብሪና ከሆም አሲስታንት ወደ ቴርሞስታቱ መግባት ፍቀጂ፣ ከሌለው ቴርሞስታቱን ሆም አሲስታንት ወዳለበት ኔትዎርክ አምጪው። ጌስት ኔትዎርክ ከሆነ ግን አትድከሚ፣ እሱ እቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተብሎ ነው የተሰራው። ሆም አሲስታንትን በዶከር፣ ፕሮግራምን በኮንቴይነር ለይቶ በሚያስኬደው፣ የምታስኬጂ ከሆነ ደሞ የኔትዎርክ ሞዱ ሆስት መሆን አለበት፣ ካልሆነ መልእክቱ ኮንቴይነሩ ውስጥ አይደርስም።

ዚግ_ሰው፦

የሬዲዮውን ጥያቄ ማንም አልነካውምና ለወደፊት ለምትገዙ ልበል። ዚግቢ ካላችሁ ዚግቢ ቴርሞስታት ጥሩ ነው፣ ግን ዶንግሉን (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካውን የሬዲዮ እቃ) ዩኤስቢ 3 ላይ ቀጥታ አትሰኩት፣ ዩኤስቢ 3 እዛው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጫጫታ ያወጣል፣ በኤክስቴንሽን ገመድ ከኮምፒውተሩ አርቁት። ዋይፋያችሁ ቻናል 1 ወይ 6 ላይ ከሆነ ዚግቢውን 25 ላይ ማድረግ ጥሩ ነው። ዚ-ዌቭ ከዋይፋይ ጋር አይጋጭም፣ ፍሪኩዌንሲው ግን እንደ ሀገሩ ስለሚለያይ፣ አውሮፓ 868 አሜሪካ 908 ሜጋኸርዝ ነው፣ ከውጪ የመጣ እቃ ከያዛችሁት ዶንግል ጋር ላይነጋገር ይችላል። ማተር በ2022 ሲወጣ ጀምሮ ቴርሞስታትን ይደግፋል፣ አንዱ እቃ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሶስት ተቆጣጣሪ መታዘዝ መቻሉ ከሆምኪት ያስበልጠዋል፣ ግን የሚያሳያችሁ ሙቀቱን፣ ሞዱንና ዲግሪውን ያህል ነው፣ ካምፓኒው ራሱ የጨመራቸው ነገሮች አፑ ውስጥ ይቀራሉ። ለኔ ሙቀትና ዲግሪ ከታዘዙልኝ ሌላው ትርፍ ነው።

ራዲያተር ላይ የሚገቡት ባለባትሪዎቹ ቫልቮች ጠባያቸው ለየት ይላል፣ ባትሪ ለመቆጠብ ስለሚተኙ ትእዛዝ ዘግይቶ ይደርሳቸዋል፣ ሴንሰራቸውም ትኩስ ብረት አጠገብ ስለሆነ ክፍሉ ሳይሞቅ ሞቋል ይላሉ። ከውጭ ሴንሰር ማንበብ የሚችል ሞዴል ፈልጉ።

ማሂ_ሰርቨር፦

ገባ! ወደ አንድ ኔትዎርክ ሳመጣው ወዲያው ታየ፣ ኮዱን አስገባሁ፣ ዲግሪ ስቀይር ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ሳልቆጥር ይቀየራል። የኢንተርኔት ገመዱን ነቅዬም ሞከርኩት፣ ይሰራል። አሁን የቀረኝ ቴርሞስታቱ ያለው ኮሪደር ላይ ነው፣ የእናቴ ክፍል ደሞ ሁሌ ከኮሪደሩ ይቀዘቅዛል፣ ይሄን እንዴት ላመጣጥነው?

ቴክኒሻኑ፦

በየ15 ደቂቃው የክፍሏን ንባብ ከምትፈልጊው ዲግሪ ጋር የሚያነጻጽር አውቶሜሽን ስሪ፣ ከጎደለ የቴርሞስታቱን ቁጥር በግማሽ ዲግሪ ከፍ ያርግ፣ ካለፈ በግማሽ ዲግሪ ዝቅ። በአንዴ ብዙ ካዘዝሽ ክፍሉ ሳይደርስበት ኮሪደሩ ይግላል። ከታች 18 ከላይ 24 ብለሽ ዝጊበት፣ ሴንሰሩ አንአቬይለብል ካለ ወይ ለአንድ ሰአት አዲስ ንባብ ካልላከ ደሞ ማስላቱን ትቶ 21 ላይ ያቁመው።

ሎካል_ብቻ፦

የድሮውን የክላውድ ኢንቲግሬሽን ደሞ አጥፊው፣ ሁለቱ አብረው ካሉ አንዱን ቴርሞስታት ሁለት ቦታ እያሳየሽ አንዱ የሌላውን ይሽረዋል። አፑ ውስጥ ያስቀመጥሽው የሰአት ፕሮግራም ካለም ሰርዢው፣ አውቶሜሽንሽ ከሱ ጋር ይጣላል። ከዛ ራውተሩ ላይ የቴርሞስታቱን ኢንተርኔት መዝጋት ትችያለሽ፣ ሰአቱን የሚያስተካክልበትን ኤንቲፒ ፖርት 123 ግን ተይለት። ከውጪ ሆነሽ ማየት ከፈለግሽ የሆም አሲስታንትን ፖርት 8123 ለአለም አትክፈቺ፣ ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን አድርጊና በሱ ግቢ።