ፒትኬርን ደሴት ላይ ጉልበቷን የሚያማትን እናት ይዞ መውረድ ይቻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። በክሩዝ መርከብ ደቡብ ፓስፊክ ውስጥ ያለችው ፒትኬርን ደሴት የደረሳችሁ ካላችሁ እርዱኝ፤ እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ትውረድ ወይስ መርከቡ ላይ ትቆይ የሚለውን መወሰን አቅቶኛል።

ደሴቷ የአውሮፕላን ማረፊያም፣ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብም የላትም። መርከቡ ባሕር ላይ ይቆምና የነዋሪዎቹ ረጅም ጀልባ ተሳፋሪውን የደሴቷ ማረፊያ ወደሆነው ባውንቲ ቤይ ያደርሳል። የሚያስፈራኝ ከመርከቡ ወደ ጀልባው መሻገሪያው ነው። ማዕበሉ ጀልባውን ሽቅብ ቁልቁል ስለሚያደርገው፣ መርገጥ ያለባት ከፍ ባለበት ቅጽበት ነው። ቢዘገዩ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ ሁለቱም እጅ ባዶ መሆን አለበት፣ ምርኩዝ እንኳ አይያዝም። መርከበኞቹ እንዲህ ያለውን ሰው ደግፈው ያሻግራሉ ወይስ ይከለክላሉ?

ሁለተኛው ዳገቱ ነው። ከማረፊያው ወደ ነዋሪዎቹ መንደር፣ ወደ አዳምስታውን የሚወስደውን መንገድ «የመከራ ኮረብታ» ብለው የሰየሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ነዋሪዎቹ በባለአራት ጎማ ሞተር ይወጡታል። እሱን ቀድሞ ማስያዝ በመርከቡ በኩል ነው ወይስ ለደሴቷ አስተዳደር መጻፍ ይሻላል?

ባሕሩ ከከፋ መውረዱ እንደሚሰረዝ አውቃለሁ። ያኔ ነዋሪዎቹ መርከቡ ላይ ወጥተው የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ፣ ማርና ቴምብር ይሸጣሉ ይባላል፤ ለእናቴ ምናልባት ይሄው ይበቃት ይሆናል። መገበያያቸው የኒውዚላንድ ዶላር ነው፤ የአሜሪካ ዶላር ዝርዝር ብይዝ ያስቸግራል?

ለስንቅ የሚያስቡ ካሉ፦ ንቦቻቸው ከበሽታ የጸዱ ስለሆኑ ማር ይዞ መውረድ አይፈቀድም።