ክርክር፦ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የፊት ውበት ቀዶ ሕክምና በሕግ ይከልከል?

አስተባባሪ፦
የዛሬው ጥያቄ በርዕሱ ላይ የተቀመጠው ነው። አፍንጫ ማስተካከል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ማስጠጋት፣ የዓይን ቆብ መቅደድ፣ የጉንጭ ስብ ማውጣት፣ በመርፌ ብቻ የሚሰጡት ቦቶክስ (ጡንቻን ለጊዜው የሚያዝል መድኃኒት) እና ፊለርም ይጨመሩበት። ዕድሜያቸው 18 ላልሞላ ልጆች እነዚህ ሁሉ ይታገዱ ወይስ ውሳኔው ለወላጅና ለሐኪም ይተው? በቃጠሎ ወይም በአደጋ የተጎዳ ልጅ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ከጥያቄው ውጭ ናቸው፤ በእነሱ ሕክምና ላይ የሚከራከር የለም። የማንንም መልክ ጠቅሶ መዝለፍ አይፈቀድም። የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቀዶ ክፍል ነርስ፦
ይከልከል። መርፌውንም ጨምሮ ይከልከል። ሰዉን የሚያዘናጋው «ቢላ የለውም» የሚለው አነጋገር ነው። ፊለር ከቆዳ ሥር የሚወጋ ጄል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሃያሉሮኒክ አሲድ ይሠራል። ፊት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የደም ሥር የተዘረጋበት ቦታ ነው። ጄሉ በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ያ አካባቢ ደም ያጣል።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ከንፈሯን ሌላ ቦታ ተወግታ ወደ እኛ የመጣች ልጅ ነበረች። የከንፈሯ ጠርዝ ነጥቶ ነበር፤ ከዚያ እስከ አፍንጫዋ ክንፍ ድረስ ሐምራዊ መረብ የመሰለ ነገር ቆዳዋ ላይ ወጥቷል። በጣት ተጭነን ስንለቀው ደሙ ቶሎ አይመለስም። ጄሉን የሚያሟሟው ሃያሉሮኒዴዝ የሚባለው መድኃኒት ተደጋግሞ ተወጋላትና ቆዳዋ ተረፈ። የወጋት ሰው ግን ያ መድኃኒት በእጁ አልነበረም። በቅንድቦች መካከልና በአፍንጫ ላይ የሚወጋ ከሆነ አደጋው ይብሳል፤ ጄሉ ዓይንን የሚመግበውን የደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። በዚህ መንገድ የጠፋ የዓይን ብርሃን ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን አመዛዝና ፈረመች ብሎ የሚያምን አለ?

እናት፦
እህቴ፣ የተናገርሽው ልብ ይነካል፤ ስለ ፊለሩም አልከራከርሽም። ነገር ግን «ሁሉም ይታገድ» ስትዪ የእኔን ልጅም እያገድሽው ነው። የልጄ ጆሮዎች ከጭንቅላቱ ርቀው ወደ ውጭ የቆሙ ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሆነው ያለ ኮፍያ ከቤት አልወጣም አለ። በክፍል ውስጥ ኮፍያ ማድረግ ክልክል ነበርና ሁለቱን እጆቹን ጆሮዎቹ ላይ ጭኖ ይቀመጥ ጀመር። በሁለት እጅ ጆሮ ተይዞ እንዴት ይጻፋል? ደብተሩ ባዶ ሆኖ ይመጣ ነበር። አሠራነው። ልጁ ዛሬ ስለ ጆሮው ማሰብ ትቷል፤ የፈለግነውም ይኸንኑ ነበር። እስከ 18 ዓመቱ ጠብቅ ልለው ነበር?

የፊት ቀዶ ሐኪም፦
እመቤቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ ከእኛ ሙያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1896 በርሊን ውስጥ ዣክ ዮዜፍ የተባለ ወጣት ሐኪም፣ በጆሮው ምክንያት ስለተሳለቁበት ትምህርት ቤት አልሄድም ያለ አንድ ልጅ ላይ ቀዶ ሕክምና አደረገ። ቀዶው ተሳካ፤ ሐኪሙ ግን ለመልክ ብሎ ልጅ ቀደደ ተብሎ ከሥራው ተባረረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አፍንጫ ዞረ፤ ዛሬ የዘመናዊው የአፍንጫ ማስተካከያ አባት ተብሎ የሚጠራው ይህ ሰው ነው። ክርክራችን ያኔ የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ በጅምላ መከልከልን የምቃወመው ሰውነት በጅምላ ስለማያድግ ነው። ጆሮ በአምስትና በስድስት ዓመት ዕድሜ ወደ አዋቂ መጠኑ ይጠጋል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ቢሠራ እድገቱን አያውክም። አፍንጫ ግን የጉርምስናን ዘመን ይጠብቃል። በሴቶች ከ15 እስከ 16፣ በወንዶች አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ እድገቱ ይገባደዳል፤ ከዚያ በፊት መንካት ነገ የሚለወጥ ነገር ላይ መሥራት ነው። የጉንጭ ስብ ማውጣትን ለወጣት ፈጽሞ አልሠራም። ያ ስብ ዕድሜ ሲገፋ ፊትን ሞልቶ የሚይዝ ነው፤ ዛሬ ጉንጭ ቀጠነ ብላ የተደሰተች ልጅ በአርባ ዓመቷ ፊቷ ሊጎደጉድ ይችላል፤ የወጣውን መልሶ ማስገባት ደግሞ የለም።

ቦቶክስን በተመለከተ ሕግ የሚያወጣ ሰው መጠንቀቅ አለበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ1989 የፈቀደው ለሸውራራ ዓይንና ያለ ፈቃድ ለሚጨፈን የዓይን ቆብ ነበር፤ በቅንድቦች መካከል ላለ መስመር የተፈቀደው በ2002 ነው። መድኃኒቱን ለልጆች ብላችሁ ብታግዱ የታመመውን ልጅ ትጎዳላችሁ። የሚከለከለው የሚሰጥበት ዓላማ እንጂ ጠርሙሱ መሆን የለበትም።

የሕግ ባለሙያ፦
ዶክተር ያሉት ዓላማን መሠረት ያደረገ ሕግ አለ። በእንግሊዝ ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ 18 ዓመት ላልሞላው ሰው ለመልክ ሲባል ቦቶክስ ወይም ፊለር መውጋት ወንጀል ሆኗል። የወላጅ ፈቃድ አያድንም፤ የሚቀጣው ወጊው እንጂ ልጁ አይደለም። ለሕመም ሲባል ሐኪም ካዘዘው ግን ይፈቀዳል። ልብ በሉ፤ ይህ ሕግ ቢላን አይነካም።

አውስትራሊያ ለቀዶው ሌላ መንገድ መርጣለች። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የውበት ቀዶ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ከጠቅላላ ሐኪም የመላኪያ ወረቀት ያስፈልገዋል። አዋቂ ከፈረመ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ይጠብቃል፤ 18 ዓመት ያልሞላው ደግሞ 3 ወር። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። የመጠበቂያ ጊዜ ማንንም አይጎዳም፤ ብዙ የችኮላ ውሳኔ ግን ያስቀራል።

መምህሩ፦
ሦስት ወር መጠበቅ ምን ይለውጣል? ልጆቹ በሦስቱም ወር ውስጥ ያንኑ ስልክ እያዩ ነው የሚጠብቁት። በ2018 የወጣ ጥናት አለ፤ ስልክን ከፊት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ የተነሳ ፎቶ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። የሌንሱ ቅርበት ነው እንጂ የልጁ አፍንጫ አይደለም። ክፍሌ ውስጥ «አፍንጫዬ ሰፊ ነው» የሚሉኝ ልጆች የሚያዩት ይህንን ፎቶ ነው። በመስታወት ያዩትን ሳይሆን በካሜራ ያዩትን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ፤ ይከልከል።

የ19 ዓመት ወጣት፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ስልኬን አይቼ አልሄድኩም። አፍንጫዬን የተሠራሁት በ17 ዓመቴ ነው፤ አልጸጸትም። ከባዱ ነገር ሕመሙ አልነበረም። ፕላስተሩ ሲነሳ መስታወት ውስጥ ያየሁት ያበጠ፣ የማላውቀው ፊት ነበር፤ የአፍንጫ ጫፍ እብጠት እስኪወርድ አንድ ዓመት እንደሚፈጅ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ አበላሹኝ ብዬ ብዙ አልቅሻለሁ።

ግን ሌላ ነገር ልናገር። ሐኪሙ ጋ በገባን ቁጥር የሚጠየቀው እናቴ ነበረች። ምን እንደምፈልግ፣ ለምን እንደምፈልግ፣ ማን ምን ብሎኝ እንደሆነ አንድም ሰው እኔን ለብቻዬ አልጠየቀኝም። እናንተም እዚህ እየተከራከራችሁ ያላችሁት በሕግና በወላጅ መካከል ነው። ልጁ የት አለ?

የቀዶ ክፍል ነርስ፦
የእኔ ልጅ፣ ልክ ነሽ። አንቺ ያነሳሽው ነገር እንዲያውም የእኔን አቋም ያጠነክረዋል። ሌላ ሰው እምብዛም የማያስተውለውን ጉድለት ሌት ተቀን የሚያዩ፣ ከመስታወት ፊት መነሳት የሚያቅታቸው ሰዎች አሉ። ይህ የታወቀ የአእምሮ ሕመም ነው፤ ከመቶ ሰው ሁለት ያህሉን ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በጉርምስና ነው። እነዚህን ልጆች ቀዶ አያድናቸውም፤ አፍንጫው ሲሠራ ጭንቀቱ ወደ አገጭ ይሄዳል። ልጁን ለብቻው ያላነጋገረ ሐኪም ይህን በምን ያውቃል? ዶክተር፣ እርስዎ ጠንቃቃ እንደሆኑ ከአነጋገርዎ ያስታውቃል። ችግሩ ግን ይህ ነው፤ «ይሠራ» ብሎ የሚወስነውና ሲሠራ ገንዘብ የሚቀበለው አንድ ሰው ነው። ሕግ የሚያስፈልገው ለእርስዎ ሳይሆን ለዚያ ለሌላው ነው።

የፊት ቀዶ ሐኪም፦
በዚህ ላይ አልሟገትም። ልጁን የሚመረምረውና የሚፈቅደው ከቀዶው ምንም የማያገኝ ሌላ ሐኪም ይሁን፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም ልጁን ወላጆቹ በሌሉበት ያነጋግር። ነገር ግን «18 እስኪሞላው» የሚለውን ቁጥር አልቀበልም። የ18 ዓመቱ ልደት ከዋዜማው ይልቅ አስተዋይ አያደርግም። እኔ ራሴን የምጠይቀው ብንጠብቅ ይህ ልጅ ምን ያጣል? ብዬ ነው። በጆሮው ምክንያት መጻፍ ያቆመ ልጅ የትምህርት ዘመኑን ያጣል። ከንፈሯን ማሞላት የምትፈልግ የ15 ዓመት ልጅ ግን ብትጠብቅ የምታጣው የለም።

ለእናትየውም አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ፣ ኬሎይድ የምንለው፣ በብዛት ይታያል፤ ጆሮ ደግሞ ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ይህ ካለ የጆሮ ቀዶም በቀላሉ የሚወሰን አይደለም።

እናት፦
ተነግሮን ነበር ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሌላ ሐኪም ይየው የሚለውን እቀበላለሁ። ሦስት ወሩንም እቀበላለሁ። ልጄን ለብቻው ያነጋገረው ሰው እንዳልነበረ ግን ይህችን ልጅ ስሰማ ነው ያስታወስኩት።

መምህሩ፦
ታዲያ ሕጉ ላይ «ብንጠብቅ ምን ያጣል?» የሚለውን ማን ይመልሰዋል? ወላጁ «ትምህርቱን ያጣል» ለማለት ምን ይከብደዋል? አንድ ጊዜ በር ከተከፈተ ሁሉም የሚገባበት ምክንያት ያዘጋጃል።

የሕግ ባለሙያ፦
ለዚህ ነው ዝርዝሩ በሕጉ ውስጥ መጻፍ ያለበት። ፊለር፣ ለመልክ የሚሰጥ ቦቶክስ፣ የጉንጭ ስብ ማውጣት፣ ለመልክ የሚደረግ የዓይን ቆብ ቀዶ፦ ከ18 በታች ክልክል፤ ምክንያት አይሰማም። ጆሮ፦ በገለልተኛ ሐኪም ፈቃድ፣ ልጁ ለብቻው ከተነጋገረ በኋላ። የሚያከራክረን አፍንጫ ብቻ ነው የሚቀረው።

የ19 ዓመት ወጣት፦
አፍንጫውም እንደ ጆሮው ይሁን። እኔን በ17 ዓመቴ አንድ ሰው ለብቻዬ አስቀምጦ ቢጠይቀኝ ኖሮ «አዎ፣ እፈልጋለሁ» ብዬ እመልስለት ነበር። ስለ እብጠቱም እዚያው እጠይቀው ነበር።