እንግዳ ሽንት ቤታችሁን ሲጠቀም ሕግ ታወጣላችሁ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ቤታችን እንግዳ አይጠፋም፣ እኔም ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ሽንት ቤቱ ተደፍኖ ውሃው ኮሪደር ድረስ ፈሰሰ። ቧንቧ ሠራተኛው ሲከፍተው ዋይፕስ (እርጥቡ መጥረጊያ) እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ወጣ፤ ሲጎትተው አያልቅም። እኛ ቤት ዋይፕስ የሚጠቀም የለም፣ ስለዚህ ማን እንደጣለችው አውቃለሁ። በጣም የማከብራት ሰው ናት፣ ምን ብዬ ልንገራት? ባለቤቴ ደግሞ በሩ ላይ ሕግ እንለጥፍ ብሎ ክዳን ዝጉ፣ ወለል አታርጥቡ እያለ ዘጠኝ ነገር ደርድሯል። እኔ ሰው ቤቴ መጥቶ ፈተና ክፍል የገባ እንዲመስለው አልፈልግም። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፦
እህቴ፣ እንግዳሽ ላይ አትፍረጂ። ሽንት ቤት ውስጥ መጣል ይቻላል ተብሎ የተጻፈባቸው ዋይፕሶች አሉ፣ ሰው አምኖ ይጥላል። ሶፍት ውሃ ሲነካው እንዲበታተን ሆኖ ነው የሚሠራው። አብዛኛው ዋይፕስ ግን ጠንካራ ክር ስላለበት አይበታተንም፣ ቧንቧው መታጠፊያ ላይ ይያዝና ጸጉሩንም ሌላውንም እየሰበሰበ ይከማቻል። አዳዲሶቹ መቀመጫዎች ደግሞ በአንዴ የሚለቁት ውሃ 6 ሊትር ገደማ ነው፣ የድሮዎቹ 13 ሊትርና ከዚያም በላይ ይለቁ ነበር፤ ገፍቶ የሚወስደው ውሃ ቀንሷል ማለት ነው። ካላመንሽኝ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አቅርቢና በአንዱ ሶፍት፣ በሌላው ዋይፕስ ከትተሽ በማንኪያ አማስዪው።
አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ክዳን ያለው ቅርጫት አለ? ስንት ቤት ገብቼ የማጣው እሱን ነው። ቅርጫት ከሌለ እንግዳ ሞዴሷን በእጇ ይዛ ሳሎን ልታቋርጥ ነው እንዴ? ያላት አማራጭ አንድ ነው፣ እሱም ቧንቧሽ ውስጥ ይገባል።

ሁሌ እንግዳ የምሆነው፦
እኔ የማወራው ከበሩ ውስጥ ሆኜ ነው። አንድ ቤት ሄጄ ተጠቅሜ ስጨርስ ውሃው አልለቅ አለኝ። እጀታውን ጫን አድርጎ መያዝ እንደሚያስፈልግ ማን ይንገረኝ? እስኪሞላ እየጠበቅኩ፣ እንደገና እየሞከርኩ፣ ውጪ ሳቅና ወሬ እየሰማሁ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ቆሜያለሁ። በኋላ ስነግራቸው «አይ፣ እሱ እኮ እንደዛ ነው» አሉኝ። «ጫን አድርገው ይያዙት» የሚል ወረቀት ቢኖር ኖሮ አልሰደብም ነበር፣ እመርቃቸው ነበር እንጂ! ትርፍ ሶፍትም ቁም ሳጥን ውስጥ አትደብቁ፣ እንግዳ ተነስቶ የሰው ቁም ሳጥን አይከፍትም። ለእጅ ደግሞ ንጹሕ ፎጣ ለብቻው ስቀሉ፣ የትኛው የማን እንደሆነ አናውቅም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ግን ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ባይ ነኝ። አብራን የምትኖረው እናቴ አንዴ እርጥብ ወለል ላይ አዳልጧት እጇን ተሰብራለች፣ ከዛ ወዲህ ስለ ወለሉ አላፍርም፣ እናገራለሁ። የምናገረው ግን ሰውየው ሲነሳ ነው፦ «በግራ በኩል ነው፣ መወልወያው በር ጀርባ አለልህ፣ እማዬ እንዳትወድቅብኝ»። እስካሁን የተቀየመኝ የለም። ከወጣ በኋላ ሰው ፊት መናገር ነው ክፉው። ክዳኑን ባይዘጋው ግን ራሴ እዘጋዋለሁ፣ ለሱ ሰው አላስቀይምም።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ። ቅርጫት አልነበረንም፣ እውነቴን ነው፣ አስቤውም አላውቅም። ዛሬ በእግር የሚከፈት ገዛሁና መቀመጫው አጠገብ አደረግኩት። ከዘጠኙ አንድ ተርፏል፦ «ከሶፍት ውጪ ያለውን ሁሉ እባካችሁ እዚህ»፣ ከቅርጫቱ በላይ ተለጥፏል። ባለቤቴ ስለ ወለሉ ገና አልለቀቀም፣ እሱን በአፍ እንናገራለን ብለን ተስማማን። እሷን ግን ምንም አልላትም። እሁድ ትመጣለች።