ሪፖርቱ ትርፍ አለ ይላል፣ ባንክ ውስጥ ግን ገንዘብ የለም

ከሸሪኬ ጋር የምንሠራው የቤት ዕቃ ማምረቻ በዓመቱ መጨረሻ አትራፊ እንደነበር የሒሳብ ባለሙያው አሳይቶናል። ሸሪኬም ወዲያው «እንካፈል» አለ። ምኑን? የባንክ ሒሳባችን ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እስካሁን የገባኝን ልጻፍ። ሽያጭ የሚመዘገበው ዕቃው ለደንበኛው ሲተላለፍ እንጂ ገንዘቡ ሲሰበሰብ አይደለም፤ ስለዚህ በዱቤ የሸጥነው ሁሉ ትርፉ ውስጥ ተቆጥሯል። መጋዘን የተከመረው ጣውላ ገንዘባችንን ይዞ ተቀምጧል፣ ዕቃ ሆኖ እስኪሸጥ ድረስ ግን እንደ ወጪ አይቆጠርም። ከብድሩም ከትርፍ ላይ የሚቀነሰው ወለዱ ብቻ ነው፤ ዋናውን ስንመልስ ገንዘቡ ይወጣል፣ ትርፉ ንቅንቅ አይልም። የማሽኖቹ የእርጅና ተቀናሽ (የተገዙበት ዋጋ በሚያገለግሉባቸው ዓመታት ተከፋፍሎ በየዓመቱ እንደ ወጪ የሚያዘው) ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በዓመቱ ምንም ሳንከፍል ትርፉን ያሳንሰዋል። (ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው ነጋዴ አልነበረም ብዬ እጠረጥራለሁ።)

የተቸገርኩት ከዚህ በኋላ ነው። መካፈል ያለብን የተጣራውን ትርፍ ነው ወይስ ከሥራው በእርግጥ የተገኘውን ጥሬ ገንዘብ? ትርፉን ሳንከፋፍል ድርጅቱ ውስጥ ብናቆየው የሸሪኬ ድርሻ በምን መልኩ ይመዘገባል? ሌላም አለ፤ እሱ ያዋጣው ገንዘብ ብቻ ሲሆን ሙሉ ቀን የምሠራው እኔ ነኝ፣ ደመወዝ ግን አልወስድም። የጉልበቴ ዋጋ ሳይቀነስ የቀረውን ሁሉ ትርፍ ማለት አግባብ ነው? እንዲህ ዓይነት ሽርክና ውስጥ ያለፋችሁ ወይም የሒሳብ ሙያ ያላችሁ፣ እባካችሁ ከመነጋገራችን በፊት መልስ ስጡኝ።