የፍል ውሃ ጭስ ማውጫ ሙከራ፦ መርፌው እየተደፈነ፣ ብረቱ እየዛገ ተቸገርን

ጎንደር ላይ ለተማሪዎች የምናሳየው፣ ከባሕር ወለል የሚፈልቅ የአልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ፍል ውሃ ሞዴል አልሳካ ብሎናል። በ2000 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ውስጥ የተገኘው፣ ሎስት ሲቲ የተባለው የፍል ውሃ መስክ ምሰሶ ካርቦኔትና ብሩሳይት (የማግኒዥየም ማዕድን) መሆኑን እናውቃለን፤ እኛ የፈለግነው ግን ኦክስጅን ያልነበረበትን፣ ብረት የበዛበትን ጥንታዊ ባሕር ማስመሰል ነው።

አሠራሩ፦ ታቹ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተዘቅዝቆ፣ አፉ በጎማ ተወትፎ፣ ባለ 21 ጌጅ መርፌ ከታች ይገባል። ላዩ 500 ሚሊ ሊትር ውሃና 5 ግራም ፌረስ ክሎራይድ (የብረት ጨው፣ ባለ አራት ውሃው፣ 0.05 ሞላር ገደማ)። በመርፌው የሚገባው የተበረዘ ሶዲየም ሲሊኬት፣ ፒኤች 11 አካባቢ። የስሪንጅ ፓምፕ ስለሌለን በግሉኮስ ቱቦ ከከፍታ እናንጠባጥባለን።

አረንጓዴው ቱቦ ይበቅላል፤ ብዙም ሳይቆይ ብርቱካናማ ይሆናል። የብረቱ ውሃ ሲሊኬት ሳይነካውም ቢጫ ስለሚል ጥፋቱ ከኦክስጅኑ ነው። ውሃውን አፍልተን (እዚህ ከፍታ ላይ 93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ጋዙን ለማስወጣት ግን ይበቃል) ዘግተን እናቀዘቅዛለን፤ ላዩን በዘይት እንሸፍናለን። ዘይቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ጠብታው ለአፍታ ከቆመ ደግሞ ብረቱ ወደ መርፌው ተመልሶ ውስጡ ይረጋል፣ አለቀለት።

እባካችሁ የሠራችሁት፦ ኦክስጅኑን ለማራቅ ያለ ናይትሮጅን ሲሊንደር ምን ይሻላል? ሶዲየም ሰልፋይት አስበን፣ አሲዳም ውሃ ውስጥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እንዳይለቅ ፈራን። አስኮርቢክ አሲድስ ብረቱን አስሮ ምሰሶውን አያበላሽም? ለመርፌውስ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይሻላል ወይስ መመለሻ የሚከለክል ቫልቭ?