ማርበርግ ጂንካ ላይ አለፈ፤ ለቀጣዩስ ዝግጁ ነን?

ሸገሬው፦ ሰላም ቤቶች። ከኮሮና በኋላ መንግሥት ለወረርሽኝ ተዘጋጅቷል ሲባል እሰማለሁ። ኅዳር 2018 ማርበርግ፣ ያ እንደ ኢቦላ በደምና በሰውነት ፈሳሽ የሚተላለፈው ገዳይ ቫይረስ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ ጂንካ ተገኘ ሲባል ግን በጣም ደነገጥኩ፣ ዘመዶቼ እዚያው ዞን ነው ያሉት። ጥር ላይ አበቃ ተባለ፣ ተመስገን። ዝግጅቱ ነው ያተረፈን ወይስ ዕድል? ሙያው ውስጥ ያላችሁ ንገሩኝ።

የላብ ሰው፦ በላብራቶሪ በኩል ዕድል አትበለው። ጥር 2012 የመጀመሪያዎቹ የኮሮና ተጠርጣሪዎች ናሙና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ነበር የተላከው። ማርበርግን ግን ያረጋገጠው እዚሁ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፣ የቫይረሱን ዘረመል ሳይቀር። ውጤት ከውጭ እስኪመጣ ብንጠብቅ ስንቱ ይነካ እንደነበር አስበው።

ሲስተር፦ የላብራቶሪው እውነት ነው፤ ግን ናሙናው መጀመሪያ ከእኛ ከጤና ጣቢያ መውጣት አለበት። ማርበርግ ሲጀምር ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ድካም ነው፣ ወባ ባለበት አገር ደግሞ ይሄን ያየ ሁሉ ወባ ነው የሚለው። በሽተኛው ከሌላው ጋር ወረፋ ይይዛል፣ ደም እንወስድለታለን፣ ጉሉኮስ እንሰካለታለን፣ ጓንት ካለቀ አስታማሚው ከውጭ ገዝቶ ይምጣ እንላለን። ይሄ የምሠራበት ቦታ ላይ የማየው ነው። መመሪያውማ ግሩም ነው፤ አጣዳፊ በሽታ ሲጠረጠር ጤና ጣቢያው በ30 ደቂቃ ለወረዳ፣ ወረዳው በሌላ 30 ደቂቃ ለዞን፣ እንዲህ እያለ እስከ ፌደራል። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ደቂቃው ቀን ይሆናል፣ የምንደውልበት ካርድም ከኪሳችን ነው።

ሩዋንዳን እዩ። መስከረም 2017 ማርበርግ ገብቶባት 66 ሰው ተይዞ 15 ሞተ፣ ከተያዙት አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። የሞቱት ከሌሎች አገሮች አንፃር ያነሱት ቶሎ ስለተገኙና ፅኑ ሕሙማን ክፍል ጥሩ ክትትል ስላገኙ ነው። ጂንካም ላይ የጤና ባለሙያ ሞቷል። መጀመሪያ የምንነካው እኛ ነን።

ሸገሬው፦ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። እኛ ተራው ሕዝብ ምን እናድርግ?

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ወረዳችሁ በጀት ሲያፀድቅ ለጤና ጣቢያው ጓንት፣ በረኪናና የስልክ ካርድ ስንት እንደተያዘ ጠይቁ። ወረርሽኝ ከገባ በኋላ ድንኳኑም መኪናውም ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ እኔ የምፈራው ማንም ሳያውቅ የሚያልፉትን የመጀመሪያ ቀናት ነው። ሌላው፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ስታመጡ ቤት የታመመ ወይም የሞተ ካለ ሳንጠይቃችሁ ንገሩን፣ አትደብቁ።

የላብ ሰው፦ ሲስተር ልክ ናት። እኛ ጋ ማሽኑ አለ፣ ናሙናው ነው የሚዘገየው።